ሕግ የወጣላቸው ጨዋታዎች

አንድ የሕዝብ ምክር ቤት ስለ ግብር፥ ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት በጀት ሲከራከር ከዋለ በኋላ፤ በዚያው ጉባኤ «የአገራችን ጨዋታ ይህ ነው» የሚል ሕግ አውጥቶ ይነሣል ብንል፤ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ የሻይ ሰዓት ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን እውነት ነው። በአሜሪካ ኅብረት ያሉት ሃምሳ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው አገረ ገዥ እንዳላቸው የታወቀ ነው። በሕግ መጽሐፋቸውም ውስጥ የስቴቱ ወፍ፥ የስቴቱ አበባ፥ የስቴቱ ዛፍ ምን እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል። ከአሥር የሚበልጡት ስቴቶች ደግሞ ከወፉና ከአበባው ጋራ ስፖርትን ጨምረው አውጀዋል። ስለ እነዚህ ሕጎች ጥቂት ለማተት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በዚህ ነገር ቀዳሚዋ ሜሪላንድ ናት። ሜሪላንድ ከዋሽንግተን ከተማ ጋራ የምትዋሰን፥ ዛሬም በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ስቴት ናት። በ1962 ዓ.ም. ምክር ቤቷ «ጃውስቲንግ» የተባለውን የፈረስ ጨዋታ የስቴቱ ስፖርት አድርጎ ደነገገ። ጃውስቲንግ በጥንት ዘመን በአውሮፓ ጥሩር የለበሱ መኳንንት ከወዲያና ከወዲህ እየጋለቡ በረጅም ጦር የሚጋጠሙበት ጨዋታ ነበር። የሜሪላንዱ ግን ሰው ከፈረስ አይጥልም። የሚወጋው ቀለበት ነው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሰማንያ ያርድ ገደማ በሚሆን ጥርጊያ ላይ ሦስት መቃኖች ተራ በተራ ይቆማሉ። በየመቃኑ ላይ አንዳንድ ቀለበት ይንጠለጠላል፤ ከመሬት ከፍታውም ሁለት ሜትር ያህል ነው። ፈረሰኛው ጦሩን አነጣጥሮ ሽምጥ ይጋልብና ሦስቱንም ቀለበቶች በጦሩ ጫፍ ለቅሞ ለመውጣት ይሞክራል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አሥር ሴኮንድ አይሞላም። መጀመሪያ የሚሰቀለው ቀለበት ስፋቱ አንድ ኢንች ከሦስት ሩብ ነው። ሳይስቱ የሚቀሩት ፈረሰኞች ሲበዙ ቀለበቱ እየጠበበ ይኼድና በመጨረሻ ሩብ ኢንች ይደርሳል፤ ይኸውም እርሳስ እንኳ በችግር የሚያልፍበት ቀዳዳ ማለት ነው። ተወዳዳሪዎቹም በስማቸው አይጠሩም፤ «የእገሌ መንደር ባላባት»፥ «የእገሌ እርሻ እመቤት» እየተባሉ ነው። ጉግስ ሲጋለብ ያየ አንባቢ የፈረሱን አረፋና የሜዳውን አቧራ ለማሰብ አይቸግረውም። ልዩነቱ በጉግስ የሚሸሽና የሚያባርር ሰው መኖሩ፥ በዚያ ግን ባላጋራው የብረት ቀለበት መሆኑ ነው።

ጨዋታው ከእንግሊዝ ከመጡት ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋራ እንደ ገባ ይነገራል። በሰፊው የታወቀው ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ የነበሩት ባለርስቶች የዋልተር ስኮትን ልቦለዶች፥ በተለይም «አይቫንሆ»ን እያነበቡ ራሳቸውን እንደ ጥንት ባላባቶች ይቈጥሩ ነበር፤ ርስታቸውን የሚያርሱላቸው ደግሞ ባሮች ነበሩ። ከ1861 እስከ 1865 ከተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ባርነት ቀረ። የቀለበቱ ግጥሚያ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያና ለሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ ገንዘብ የሚሰበሰብበት በዓል ሆኖ ተስፋፋ። ያለፈው ክብራችን ነው ለሚሉ ሰዎች ማስታወሻ፥ ለገጠሩም ሕዝብ የበጋ መደሰቻ ሆነ።

እኛን ያስገረመን የሕጉ ዓመት ነው። በ1961፥ ማለት ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን በመኪና የሚጓዙ የአዲሶቹ የአፍሪካ መንግሥታት መልእክተኞች በሜሪላንድ በሚያልፈው ቍጥር 40 አውራ ጎዳና ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች ጥቁር በመሆናቸው ብቻ አትስተናገዱም ተብለው ይመለሱ ነበር። የቻድ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው ከተመለሱት አንዱ ናቸው። ነገሩ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መንግሥት በዓለም ፊት አሳፍሮት ነበር። ሜሪላንድ በምግብ ቤትና በሆቴል በቀለም መለየትን የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1963 ነው፤ እርሱም በጊዜው ብዙ አውራጃዎችን ከሕጉ ውጭ የተወ ነበር። እንግዲህ ያ ምክር ቤት የባላባቶቹን የፈረስ ጨዋታ ያከበረው፥ አንድ አፍሪካዊ አምባሳደር በመንገዱ ዳር ተቀምጦ ቡና እንዲጠጣ ከመፍቀዱ በፊት ነው ማለት ነው። አንዱ ሕግ ለሌላው ምክንያት ሆነ አንልም። ዛሬ ቀለበት የሚወጉት ፈረሰኞችም በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ ፈረሳቸውን የሚወዱ የገጠር ሰዎች ናቸው። ነገር ግን «የአገራችን ጨዋታ» ሲባል «አገራችን» የሚለው ቃል እነማንን ይዞ እነማንን እንደ ተወ ለመጠየቅ ይህ ይበቃል።

ዘመን ተለወጠና ደግሞ ሌላ ክርክር መጣ። በሜሪላንድ፥ በተለይም በባልቲሞር ከተማና በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፥ ላክሮስ የሚባለው የኳስ ጨዋታ እጅግ የተወደደ ነው። በጫፉ መረብ ባለበት ዱላ ኳሱን እየቀለቡና እየወረወሩ ግብ የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። የላክሮስ ወዳጆች «ቀለበት የሚወጋው ጥቂት ሰው ነው፤ የስቴቱ ስፖርት የእኛ መሆን ይገባዋል» ብለው ተነሡ። ፈረሰኞቹም ለአርባ ዓመት የያዝነውን ማዕረግ አንለቅም አሉ። ምክር ቤቱ እንደ ሽማግሌ አስታረቃቸው፦ በ2004 ላክሮስ የስቴቱ «የቡድን ስፖርት» ተብሎ ታወጀ፤ ጃውስቲንግም በቦታው ጸና። በ2008 ደግሞ የእግር ጉዞ የስቴቱ የአካል ማጠንከሪያ እንዲሆን ሌላ ሕግ ወጣ። ይህን ሕግ ስናነብ ፈገግ ሳንል አልቀረንም፤ በእግር መኼድ ሕግ የሚወጣለት ከሆነ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በየቀኑ የምንመላለሰው እኛ ስንት ሕግ በተገባን!

ካናዳም በመላ አገሪቱ እንዲህ ያለ ዕርቅ አድርጋለች። በ1994 በረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ የአገሪቱ ስፖርት ይባል የሚል ረቂቅ ሲቀርብ፤ ላክሮስ እያለ እንዴት ይሆናል የሚሉ ተነሡ። በመጨረሻም ሆኪ የክረምት፥ ላክሮስ የበጋ ብሔራዊ ስፖርት ተባሉ።

እንግዲህ እንዲህ የሚያከራክረው ሕግ ምን ያዝዛል? ምንም አያዝዝም። ጨዋታውን ያልተጫወተ አይቀጣም፤ ለተጫወተም ገንዘብ አይሰጥም። ሕጉ ሲጻፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሆነባቸው ስቴቶች አሉ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ረቂቅ የሚያመጡት የማኅበሩ ሰዎች ወይም ስለ መንግሥት አሠራር የሚማሩ ተማሪዎች ናቸው። ተቃዋሚዎችም ምክር ቤቱ ትልልቅ ሥራ አስቀምጦ በጨዋታ ጊዜውን ያባክናል ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው ብለን እናምን ነበር፤ ነገር ግን ዝርዝሩን አንድ በአንድ ስናይ አንድ ነገር ዓይናችንን ያዘው። ከታወጁት ጨዋታዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ጨዋታ አልነበሩም። ሥራ ነበሩ። እንጀራ ነበሩ። ሥራው ሊሞት ሲል ወይም ከሞተ በኋላ ጨዋታ ሆነ፤ ጨዋታውም ሲደረጅ ሕጉ መጣ። ስለዚህ ክርክሩ የጨዋታ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ያን ሥራ የሠሩት እነማን ነበሩ የሚል ክርክር ነው።

ከሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚታየው የአላስካ ነገር ነው። አላስካ በ1972 ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ መንዳትን የስቴቱ ስፖርት አድርጋ አወጀች። በዚያ የበረዶ አገር ውሻ ለብዙ መቶ ዓመታት የሰው እግር ነበረ። የአገሩ ተወላጆች ለአደንና ለጉዞ ይገለገሉበት ነበር፤ በኋላም ፖስታውና ስንቁ በውሻ ተጓጓዘ። በጥር 1925 ኖም በምትባል ሩቅ የባሕር ዳር ከተማ ዲፍቴሪያ የተባለው የጉሮሮ በሽታ ገባ። በሽታው የሚገድለው በተለይ ሕፃናትን ነው። በከተማይቱ የነበሩት ሐኪም ከርቲስ ዌልች በቂ መድኃኒት በእጃቸው አልነበረምና በቴሌግራም እርዳታ ጠየቁ። ባሕሩ በረዶ ሆኖ መርከብ አይገባም፤ የዚያን ጊዜውም አውሮፕላን በዚያ ብርድ አይታመንም። መድኃኒቱ ባቡር እስከሚደርስበት እስከ ኔናና በባቡር ከመጣ በኋላ፤ የቀረውን 674 ማይል ሃያ ነጂዎችና መቶ ሃምሳ ያህል ውሾች እየተቀባበሉ፥ ሌትና ቀን እየነዱ፥ ስድስት ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ኖም አደረሱት። ከተማይቱም ከዕልቂት ተረፈች።

በመጨረሻ ወደ ከተማ የገባው የጉናር ካሰን ጋሪ ነበርና መሪው ውሻ ባልቶ የዓለም ዝና አገኘ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሐውልት ቆመለት። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የነዳው ሊዎናርድ ሴፓላና ቶጎ የተባለው ውሻው ግን ለብዙ ዘመን በባልቶ ጥላ ሥር ቀሩ። ከሁለቱም ይልቅ የተረሱት ከሃያዎቹ ነጂዎች ብዙዎቹ ናቸው፤ እነርሱም አታባስካን የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ጋዜጦቹ የውሻውን ስም ሲያገንኑ የእነርሱን ስም እምብዛም አላነሡም። ለውሻ ሐውልት መቆሙን አንነቅፍም፤ ውሻውም ደክሟል። ብቻ ከሃያ ሰው መካከል ስሙ የተጠራው የማን እንደ ሆነ ማስተዋል ነው።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑ የውሻውን ሥራ ወሰደ። የመጨረሻው በውሻ የሚጓዝ ፖስተኛ ሥራውን ያቆመው በ1963 ነው። ወዲያው ደግሞ በሞተር የሚኼደው የበረዶ መኪና በየመንደሩ ገባና ከየደጁ ውሻ እየጠፋ ኼደ። ጆ ሬዲንግተን የተባለ ሰው ይህን አይቶ፥ ውሾቹ ፈጽመው ሳይጠፉ ታላቅ ውድድር እናቁም ብሎ ደከመ። በ1973፥ ማለት ሕጉ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፥ ከአንኮሬጅ እስከ ኖም አንድ ሺህ ማይል ያህል የሚሆነው «አይዲታሮድ» የተባለው ውድድር ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊው የደረሰው በሃያ ቀን ነበር፤ ዛሬ ግን ዘጠኝና አሥር ቀን ይበቃል። ውሾች በውድድሩ ይሞታሉ፥ ይሠቃያሉ የሚሉ ሰዎች አጥብቀው ይቃወሙታል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። ሥራው በነበረ ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ሥራው ጨዋታ ሲሆን ነው፤ ሰው ለእንጀራው ሲል የሚያደርገውን ለደስታው ሲያደርገው ሚዛኑ ይለወጣልና።

ኮሎራዶ ደግሞ የአህያ ሩጫ አላት። አንባቢ እንዳይስቅ! ሕጉ የወጣው በ2012 ነው። በሮኪ ተራራዎች ወርቅና ብር ፍለጋ የሚኳትኑት ሰዎች ዕቃቸውን በአህያ ጭነው እነርሱ በእግራቸው ይከተሉ ነበር። በ1949 ከሌድቪል ፌርፕሌይ እስከምትባል መንደር የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። በውድድሩ ሕግ አህያዪቱ ሠላሳ ሦስት ፓውንድ ትጫናለች፤ በጭነቱም ውስጥ ዶማ፥ አካፋና የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ መኖር አለበት። ሯጩ በአሥራ አምስት ጫማ ገመድ ይዟት አብሯት ይሮጣል። ሊገፋትና ሊጐትታት ይችላል፤ ከቻለም ሊሸከማት ይፈቀድለታል። ሊቀመጥባት ግን ፈጽሞ አይችልም። አህያ ስትቆም ምን ዓይነት ፍጥረት እንደምትሆን የሚያውቅ የገጠር ልጅ ይህን ውድድር ለመዳኘት የሚያንስ አይመስለንም። እኛ ከሕጎቹ ሁሉ ይህን ወደድነው። የደከመውን እንስሳ ያልረሳ፥ ሰውንና አህያን በአንድ ገመድ ያሠለፈ ሕግ ነውና።

የሰሜን ካሮላይና ታሪክ ከሁሉ ያስቃል። በ2011 የመኪና እሽቅድምድምን የስቴቱ ስፖርት አድርጋ አወጀች። እሽቅድምድሙ የተወለደው ግን ከአረቄ ነው። በዚያ አገር ተራራ ላይ በድብቅ አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ የሚሸሹትም ግብሩን ነው። አረቄውን ወደ ከተማ የሚያደርሱት ነጂዎች የገንዘብ ሚኒስቴር ወታደሮች እንዳይዟቸው ሌሊት መብራት አጥፍተው በጠመዝማዛው መንገድ ይበሩ ነበር። መኪናዎቹ ከውጭ ሲታዩ እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ናቸው፤ ሞተራቸው ግን ተለውጧል፥ ሞላቸውም ጭነት እንዲችል ተጠናክሯል። በሰንበት ማን ይፈጥናል እየተባባሉ በእርሻ ሜዳ ላይ ይወዳደሩ ጀመር። በ1948 ናስካር የተባለው ማኅበር ተቋቋመ፤ በሰኔ 1949 በሻርሎት ከተማ ባደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ውድድር አንደኛ የገባው ግሌን ዳናዌይ ነበር። ዳኞቹ መኪናውን ሲመረምሩ የኋላው ሞላ እንደ አረቄ አመላላሾች ልማድ ተጠናክሮ ተገኘና ድሉ ተነጠቀ፤ ሁለተኛው ጂም ሮፐር አሸናፊ ተባለ። የመኪናው ባለቤት ቢከስም ክሱ አልሠመረለትም።

ከእነዚህ ነጂዎች ስመ ጥሩው ጁኒየር ጆንሰን ነው። በ1956 በአባቱ አረቄ ማውጫ ዘንድ ተይዞ አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ከእስሩ በፊትና በኋላ በጠቅላላው ሃምሳ ውድድር አሸነፈ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ይቅርታ አደረጉለት፤ በ2010 ደግሞ በሻርሎት በተከፈተው የናስካር የዝነኞች አዳራሽ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አንዱ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ መንግሥት ሲያሳድደው የነበረውን ሥራ መንግሥት የአገር ምልክት አደረገው። ይህ ጥፋት ነው አንልም፤ ደስ ይላል እንጂ። ነገር ግን ሌላው ሕግ ጣሽ ሁሉ እንዲህ ያለ ይቅርታ ያገኛል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ይህ ጥያቄ ወደ ቴክሳስ ይወስደናል። ቴክሳስ በ1997፥ ዋዮሚንግና ደቡብ ዳኮታ በ2003 ሮዴዮን አውጀዋል። ሮዴዮ ያልተገራ ፈረስና ኰርማ መጋለብ፥ ጥጃ በገመድ ጠልፎ መጣል፥ ይህን የመሰለ ውድድር ነው፤ ሁሉም የከብት እረኛ የዕለት ሥራ ነበር። በሲኒማ ያየነው እረኛ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ቃሉ ራሱ ግን የስፓኝ ቃል ነው፤ ገመዱን፥ ኮርቻውንና ጥበቡን ሁሉ ቴክሳሶች የተማሩት ቀደም ብለው በዚያ ከነበሩት ከሜክሲኮ እረኞች ነው። የታሪክ ጸሐፊዎችም ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአራቱ እረኞች አንዱ ያህል ጥቁር እንደ ነበረ ይገምታሉ። በሮዴዮ ከሚደረጉት ውድድሮች አንዱ ከሚጋልቡበት ፈረስ ላይ ዘሎ ኰርማውን በቀንዱ ይዞ መጣል ነው። ይህን ጥበብ የፈጠረው በ1870 በቴክሳስ የተወለደው ቢል ፒኬት የተባለ ጥቁር እረኛ ነው፤ ወላጆቹ ባሮች ነበሩ። ኰርማውን ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ ይጥለው ነበር ይባላል። በብዙ ውድድር ቦታ ጥቁር አይገባም እየተባለ ሲከለከል፥ አንዳንዴ ሕንዳዊ ነው ተብሎ እየተዋወቀ ይገባ ነበር። ሙያው የሮዴዮ አካል ሆኖ ቀረ፤ ባለሙያው ግን በሜዳው ላይ በራሱ መልክ ለመቆም አልተፈቀደለትም።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ እንለፍ፤ ሁሉም በሥራ የጀመሩ አይደሉም። ማሳቹሴትስ በ2006 ቅርጫት ኳስን አወጀች፤ ጨዋታው በ1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ በጄምስ ኔይስሚዝ ስለ ተፈጠረ ማንም ሊከራከራት አይችልም። ሚኒሶታ በ2009 የበረዶ ሆኪን መረጠች። ዋሽንግተን ስቴት በ2022 «ፒክልቦል» የተባለውን አወጀች፤ ይህም በ1965 በቤይንብሪጅ ደሴት ለዕረፍት የወጡ ቤተ ሰቦች የባድሜንተን ዕቃ ቢጎድልባቸው በእንጨት መምቻና በተበሳሳ የፕላስቲክ ኳስ የፈጠሩት ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ጆኤል ፕሪቻርድ በዚያን ጊዜ የምክር ቤት አባል ነበሩ። የሕዝብ እንደራሴ ሲፈጥር የሚፈጥረው እንዲህ ያለ ከሆነ ምንም አይከፋም።

የሃዋይ ግን በቶሎ የሚታለፍ አይደለም። በሳንቃ ላይ ቆሞ በባሕር ማዕበል መንሸራተት፥ ሰርፊንግ የሚባለው፥ በሃዋይ ደሴቶች የነገሥታትም የሕዝብም ጨዋታ ነበር። ከ1820 ጀምሮ ከአሜሪካ የመጡት ሚሲዮናውያን ራቁት ገላ፥ ሥራ ፈትነትና ውርርድ አለበት ብለው አልወደዱትም፤ ከውጭ የገባውም በሽታ ሕዝቡን ጨረሰውና ጨዋታው ሊጠፋ ደረሰ። በ1893 የሃዋይ ንግሥት ከዙፋናቸው ተነሡ፤ በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። ከዚያ በኋላ ነው ሰርፊንግ በዋይኪኪ ዳርቻ ለቱሪስት ሲባል እንደ አዲስ የተወደሰው። ሃዋይ በ1959 ስቴት ከሆነች በኋላ፥ በ1986 የታንኳ ቀዘፋን የቡድን ስፖርት፥ በ1998 ሰርፊንግን የግል ስፖርት አድርጋ አወጀች።

በ2018 ካሊፎርኒያ ሰርፊንግን የእኔም ነው ብላ አወጀች፤ አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ፈረሙ። የሃዋይ ሰዎች ቅር አላቸው። በ1885 በሳንታ ክሩዝ ከሬድዉድ እንጨት በተሠራ ሳንቃ ላይ ቆመው ለካሊፎርኒያ ሕዝብ መጀመሪያ ያሳዩት እዚያ ትምህርት ቤት የነበሩ ሦስት የሃዋይ መሳፍንት ልጆች ናቸውና። የካሊፎርኒያም ክርክር ባዶ አይደለም፤ የዛሬው ቀላል ሳንቃና የመዋኛው ልብስ በአብዛኛው በእርስዋ ዳርቻ ተሻሻለ፤ ንግዱም በዚያ ነው ያለው። ሆኖም አንዱ ሲጫወት የተወቀሰበትን፥ ሌላው ሲሸጥ የሚከብርበትን ነገር በአንድ ስም መጥራት ለእኛ አስቸጋሪ ሆኖ ታየን።

በዚህ ቦታ አንባቢ በልቡ የሚያወጣውንና የሚያወርደውን እናውቃለን። በእኛም አገር ለየክልሉ አንድ ጨዋታ በአዋጅ ይመረጥ ቢባል፥ ጉግስ የማን ይባላል? አዊ የፈረስ አገር ነኝ ይላል፤ ሰላሌም ይላል፤ አርሲም ይላል፤ ሁሉም እውነቱን ነው። ገናስ? የገና ዱላ ያልያዘ የደጋ እረኛ ወዴት ይገኛል? ወሰን የሚያካልል ሕግ ፈረስን ሲያካልል መግቢያው ይጠፋዋል።

ወደ ላክሮስ እንመለስና እንጨርስ፤ ምክንያቱም የዚህ ጨዋታ ባለቤቶች ገና አልተጠሩም። ላክሮስ የሜሪላንድም የካናዳም ከመሆኑ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የአገሩ ተወላጆች ጨዋታ ነበር። በተለይ ሆዴኖሾኒ የሚባሉት፥ አውሮፓውያን ኢሮኮይ የሚሏቸው ስድስቱ ሕዝቦች፥ ከፈጣሪ የተሰጠን ነው ይላሉ፤ ለመድኃኒትም ይጫወቱታል። ሰው ሲታመም፥ ሕዝብ ሲጨነቅ ይጫወቱታል። እነዚህ ሕዝቦች ከ1990 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና የሚሰለፉት በአሜሪካ ወይም በካናዳ ባንዲራ ሥር ሳይሆን በራሳቸው ባንዲራ ነው፤ በዓለም ላይ ይህን ያገኘ የተወላጆች ቡድን ሌላ እምብዛም የለም።

በ2010 የዓለም ሻምፒዮና በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ሊደረግ ተዘጋጀ። የሆዴኖሾኒ ተጫዋቾች ከራሳቸው ምክር ቤት በተሰጣቸው ፓስፖርት ሊጓዙ ኒው ዮርክ ደረሱ። የአሜሪካ መንግሥት መጀመሪያ በዚያ ፓስፖርት ወጥታችሁ መመለስ አትችሉም ብሎ ከለከለ፤ በኋላ ለዚህ ጊዜ ብቻ ብሎ ፈቀደ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ፓስፖርቱን አልቀበልም አለ። በአሜሪካ ወይም በካናዳ ፓስፖርት ቢጓዙ ወዲያው በገቡ ነበር፤ እነርሱ ግን አይሆንም አሉ። ሜሪላንድ ጨዋታውን ካወጀች ስድስት ዓመት፥ ካናዳም ካወጀች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ውድድሩ በማንቸስተር ተጀመረ፤ ቡድኑም ዱላውንና ፓስፖርቱን ይዞ ከኒው ዮርክ ወደ መንደሩ ተመለሰ።